ለጫጉላ ኢስታንቡል ለጥቂት ቀን፦ የቱ ሰፈር ይሻለናል?

የጥር ሙሽራ

ሰላም ናችሁ? ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፤ ለጫጉላ ኢስታንቡል ለመሄድ ወስነናል። ችግራችን ጊዜ ነው። ሁለታችንም ከሥራ ያገኘነው ፈቃድ አጭር ስለሆነ እዚያ የምናድረው አራት ሌሊት ብቻ ነው። ቲኬት ቆርጠናል፣ የቀረን ሆቴል ነው፤ እሱ ላይ ግን ሁለታችንም ግራ ተጋብተናል።

እጮኛዬ ጥንታዊውን መስጊድ አያሶፊያንና የሱልጣኖቹን ቤተ መንግሥት ቶፕካፒን በእግሯ እየዞረች ማየት ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ወጣ ብለን ሞቅ ያለ ቦታ የምንቀመጥበት ሰፈር ቢሆን ደስ ይለኛል። የምንስማማበት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው። ከሠርግ ግርግር ወጥተን ሌላ ግርግር ውስጥ መግባት አንፈልግም።

ስፈልግ ሱልጣናህመት፣ ሲርኬጂ፣ ጋላታ፣ ታክሲም፣ ላሌሊ፣ ካዲኮይ የሚሉ ስሞች ይመጡልኛል። ሁሉም ሆቴል "መሃል ከተማ ነን" ይላል፤ ሁሉም መሃል ከሆነ ዳሩ የት ነው? ላሌሊ ዋጋው ከሌላው በደንብ ይቀንሳል፣ ግን ለሙሽራ ይሆናል ወይ የሚለውን የሚነግረኝ አጣሁ። በረራችን የሚያርፈው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው። የምታውቁ ሰዎች ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ከቻላችሁ ጎዳናውንም ጠቁሙን።


ሻንጣ በእጁ

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።

ጥር ላይ መሆኑ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ አብዛኛው ምክር የሚጻፈው እዚያ በሚሞቅበት በሰኔና በሐምሌ ለሚሄድ ሰው ነው። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ከተማዋ ግን ከእኛ ወደ ሰሜንም ወደ ምዕራብም ስለምትርቅ ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ እየጨለመ ነው። ብርሃን የምታገኙት በቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። ዝናብ አለ፣ ንፋስ አለ፣ አንዳንዴ በረዶም ይጥላል።

ስለዚህ ሆቴል ስትመርጡ "ከአያሶፊያ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?" ከምትሉ "ቀን ላይ በእግራችን ክፍላችን ገብተን መውጣት እንችላለን ወይ?" በሉ። ጠዋት ወጥታችሁ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትን ዞራችሁ፣ ካፖርታችሁ ረጥቦ፣ እግራችሁ በርዶ፣ ክፍላችሁ ሰባት ስምንት ደቂቃ ላይ ከሆነ ገብታችሁ ትሞቃላችሁ፣ ካልሲ ትቀይራላችሁ፣ ጋደም ትላላችሁ፣ ከዚያ ማታውን እንደ አዲስ ትጀምሩታላችሁ። በትራምና በሜትሮ አርባ ደቂቃ ከሆነ ግን አትመለሱም፤ ውጪ ስትንከራተቱ ትውሉና ማታ ደክማችሁ ትተኛላችሁ። አንድ ወር ለሚቀመጥ ሰው ምንም አይደለም። ለሙሽሮች፣ ያውም ለአራት ሌሊት፣ ይሄ የቀን መመለስ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ብሆን ከጉልሃኔ እስከ ሲርኬጂ ባለው ቦታ ነው የምይዘው። አያሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድ፣ ከመሬት በታች ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቶፕካፒ፣ ሁሉም በእግር ነው። በጉልሃኔ መናፈሻ ውስጥ አልፋችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ መውጣት ትችላላችሁ፤ ዛፎቹ ጥር ላይ ባዶ ቢሆኑም መንገዱ ደስ ይላል። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ በፈረንጆቹ 1890 የተከፈተው የሲርኬጂ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ዝነኛው ኦሪየንት ኤክስፕረስ መጨረሻው እዚያ ነበር። አሁን ከሥሩ ማርማራይ የሚባለው ባቡር ያልፋል። ከሲርኬጂ ተሳፍራችሁ ከባሕሩ ሥር ሄዳችሁ በሚቀጥለው ፌርማታ እስያ ላይ ትወርዳላችሁ። የኤሚኖኑ ጀልባዎችም እዚያው በእግር ናቸው።

ሱልጣናህመት አደባባይ አጠገብ መያዝም ይቻላል፤ ቀን ላይ እሱን የሚያህል የለም። ማታ ግን ጎብኚው ሲበተን ሰፈሩ ጭር ይላል፣ የሚቀሩት "ግቡ ግቡ" የሚሉ ምግብ ቤቶች ናቸው። አንተ የፈለግከውን የማታ ነገር እዚያ አታገኘውም። ሲርኬጂ ከሆናችሁ ግን ትራም ይዛችሁ ከድልድዩ ማዶ ማታ ሞቅ ወደሚለው ካራኮይ ትሻገራላችሁ።

ጎዳና ካልክ፣ ትራሙ የሚያልፍበት አሌምዳር ጎዳና ላይ መስኮቱ ፊት ለፊት የሆነ ክፍል አትያዙ። ትራሙ ሲታጠፍ ይጮሃል፣ በጠዋት ይጀምራል። አንድ ጎዳና ገባ ያለ ይሁን። ኩቹክ አያሶፊያ የሚባለው ወደ ማርማራ ባሕር የሚወርደው ሰፈር ፀጥ ያለና የሚያምር ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገት ነው። ከዚያ ወዲያ ወርዳችሁ ኩምካፒ ከገባችሁ ሱልጣናህመት የሚለው ስም ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

የፈጅር አዛንም ይሰማል፤ ሁለቱ ትልልቅ መስጊዶች እየተቀባበሉ ሲያሰሙ ከልብ የሚነካ ነገር ነው። በጥር የሚሆነው ከንጋቱ 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ስለሆነ እንደ ሰኔው ሌሊት አይደለም። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን ሚናሬቱ ፊት ለፊት አትሁኑ።


ማርማራ

ኢስታንቡል ኖሬያለሁ። ሻንጣ በእጁ ያለው ስለ ሰፈሩ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም።

ማታ 12 ሰዓት ይጨልማል ብሏል አይደል? እሱ ራሱ የኔ መከራከሪያ ነው። ሙሽሮች 12 ሰዓት ላይ አይተኙም። ነቅታችሁ ከምትቆዩት ሰዓት ግማሽ ያህሉ ጨለማ ከሆነ ሰፈሩን መምረጥ ያለባችሁ ለማታው ነው። ሙዚየም ቀን ይከፈታል፣ ቀን በትራም ይኬዳል። ማታ ግን ዝናብ እየጣለ፣ ጠግባችሁ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አምስት ደቂቃ ተራምዳችሁ ክፍላችሁ መግባት ነው ደስ የሚለው። ለዚህ ካራኮይና ጋላታ ይሻላሉ። ከካራኮይ ሱልጣናህመት በቲ1 ትራም አራት ፌርማታ ነው፦ ኤሚኖኑ፣ ሲርኬጂ፣ ጉልሃኔ፣ ሱልጣናህመት። ዝናብ ከሌለ ደግሞ የጋላታን ድልድይ በእግር ተሻገሩት፤ ዓሣ አጥማጆቹ በብርድም ዘንጋቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ናቸው።

አሁን አደራ የምለው ነገር። ጋላታ ካርታ ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል። አይደለም። ከካራኮይ እስከ ጋላታ ግንብ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ደረጃ ነው፣ የቀረው ኮብልስቶን ነው። ታክሲ የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ፣ ሌሊት፣ በዝናብ፣ እዚያ ዳገት መሃል ላይ መገኘት ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ ወይ ከታች ያዙ ወይ ከላይ። ከታች ማለት ካራኮይ የትራም ፌርማታው አካባቢ ነው። ከላይ ማለት ሺሽሃኔ ሜትሮና ቱኔል አደባባይ አካባቢ ነው። ሁለቱን የምታገናኘው ቱኔል የምትባል አጭር የመሬት ውስጥ ባቡር ናት፤ በ1875 የተከፈተች ናት፣ በዕድሜ ከለንደን ቀጥላ ሁለተኛ ነች፣ ዛሬም ዳገቱን በደቂቃ ታወጣችኋለች። መሃል ላይ ያለ ሆቴል ግን ከላይም ከታችም ድካም ነው፤ ግንቡን በመስኮት ስላሳየ ብቻ አትሸነፉ።

ከቱኔል እስከ ታክሲም ባለው ቦታ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቱኔል አጠገብ ያለው አስማሊመስጂትና ኔቪዛዴ የሚባሉት ጎዳናዎች የመጠጥ ቤት ጎዳናዎች ናቸው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃው አልጋችሁ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛ፣ "ታክሲም" የሚል ስም ለጥፈው ከታርላባሺ ሰፊ ጎዳና ወዲያ ማዶ ያሉ ሆቴሎች አሉ። ካርታ ላይ ለዋናው የእግረኛ ጎዳና ለኢስቲክላል ሦስት ደቂቃ ይላችኋል። ማታ ያንን ጎዳና ተሻግሮ ወደ ውስጥ መግባት ግን ለማያውቀው ሰው ደስ የሚል ነገር አይደለም። መተግበሪያዎቹ ርቀቱን የሚለኩት ብዙ ጊዜ ወፍ እንደምትበረው በቀጥታ ነው፤ ዳገትም፣ አውራ ጎዳናም፣ ባሕርም አያውቁም። በእግር የሚለውን መርጣችሁ መንገዱን ራሳችሁ አስሉት፣ ከዚያ የጎዳናውን ፎቶ ከፍታችሁ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ሂዱበት።

ስለ ሌሊቱ። አየር ማረፊያው ከመሃል ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኤም11 የሚባለው ሜትሮ ከ2024 ጀምሮ ጋይሬቴፔ ድረስ ይመጣል፣ እዚያ ኤም2 ይዛችሁ በታክሲም አልፋችሁ ሺሽሃኔ መውረድ ትችላላችሁ። በሥራ ቀን ግን ሜትሮው እኩለ ሌሊት ገደማ ያቆማል። በ7 ሰዓት ለሚያርፍ ሰው የሚቀረው ታክሲ ነው፣ አለዚያ ሃቫይስት የሚባለው የአየር ማረፊያ አውቶቡስ ነው፤ እሱ ታክሲም ያወርዳችኋል። ስትመለሱ ቀን ከሆነ ግን ሜትሮው ጥሩ ነው። ጋይሬቴፔ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ብዙ እንደምትራመዱ ብቻ እወቁት።


አንድ ነጋዴ

ላሌሊን እኔ ልንገርህ፣ ዕቃ የማመጣው ከዚያ ነው። ለሥራ የሚሄድ ሰው ሰፈር ነው። ርካሽ ነው፣ ትራም አለው፣ ከሱልጣናህመት ሦስት ፌርማታ ነው። አደገኛ አይደለም፣ ሰው እንደሚያወራው አትስማ።

ግን ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲታሸግ የፕላስተሩ ድምፅ ነው የምትሰማው። እያንዳንዱ ጎዳና ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፣ የእግረኛው መንገድ ላይ ጆንያ ተቆልሏል፣ የሆቴሉ ሎቢ ራሱ በነጋዴ ሻንጣ ሞልቷል፣ ሊፍቱን ዕቃ ይዞት ትጠብቃለህ። ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ማታ የሚታይ ነገር የለም። እኔ ባለቤቴን ለጫጉላ እዚያ አልወስዳትም። በዋጋው ያተረፍከውን ከዚያ ለመሸሽ በታክሲ ትጨርሰዋለህ። ሌላ ጊዜ ለንግድ ስትመጣ ላሌሊ እንገናኛለን። ውለዱ ክበዱ!


ቡና በካዲኮይ

ለምን ሁሉም ሰው አውሮፓው ላይ ብቻ ይቆማል? ካዲኮይ፣ በተለይ ሞዳ የሚባለው ሰፈር፣ ለጥንዶች ከከተማዋ ሁሉ የሚመረጥ ነው። ጎብኚ አይበዛበትም፣ ካፌው ብዙ ነው፣ በባሕሩ ዳር በእግር ይኬዳል፣ ከኤሚኖኑ ወይም ከካራኮይ በጀልባ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ጀልባው ራሱ ሽርሽር ነው! ከተማዋን ከውሃው ላይ ሆናችሁ ሳታዩ እንዳትመለሱ።


ማርማራ

ሞዳን እኔም እወደዋለሁ፤ በግንቦት ቢሆን ኖሮ አብሬህ እከራከር ነበር። በጥር ግን ሎዶስ አለ። ሎዶስ ከደቡብ የሚመጣ ኃይለኛ ንፋስ ነው፤ ሲነሳ ጀልባዎቹ ይሰረዛሉ። ጉም ሲወርድም እንደዚሁ። ያኔ ካዲኮይ ያለ ሰው በኤም4 አይሪሊክ ቼሽሜሲ ሄዶ ማርማራይ ይይዛል፣ ከዚያ ሲርኬጂ ይወርዳል። ይቻላል፣ ግን ሙሽሮቹ ያላቸው ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው አልን። ከእሱ ላይ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለመንገድ መስጠት ይከብዳል። ሞዳን ለአንድ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ሄደው ይዩት፣ ማደሪያ አያድርጉት።


የጥር ሙሽራ

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። እጮኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ እያነበበች ነው፤ ላሌሊን ወዲያው ሰረዝነው።

አሁን ሦስት ጥያቄ ቀረን። አንደኛ፣ መጀመሪያ ሁለት ሌሊት ሲርኬጂ፣ ከዚያ ሁለት ሌሊት ጋላታ ብንቀያይርስ? ሁለታችሁም ልክ ስለመሰላችሁን ነው። ሁለተኛ፣ የባሕር እይታ ያለው ክፍል ዋጋው በደንብ ይጨምራል፤ ለጫጉላ አይቀርም ብላችሁ ታስባላችሁ? ሦስተኛ፣ ዘመዶቻችን ሆቴል ምን ያደርግላችኋል፣ አፓርታማ ተከራዩ እያሉን ነው። የምንደርሰው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው፣ የምንመለሰው እሑድ።


ማርማራ

አትቀያይሩ። ሆቴል የሚያስለቅቃችሁ ብዙ ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ሌላው የሚያስገባችሁ 8 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋቱ ሻንጣ በማሸግ ያልቃል፣ መሃል ያለው ሰዓት ሻንጣው የት ይቀመጥ በሚል ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላው እንደገና በመፍታት ያልቃል። ካላችሁ ሦስት ቀን ላይ አንዷ ተበላሸች ማለት ነው።

የባሕር እይታ ላይ፦ መጀመሪያ የትኛው ባሕር እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ ከየት ሆኖ እንደሚታይ። "የባሕር እይታ አለን" የሚሉ ብዙ ሆቴሎች እይታው ያለው ጣሪያቸው ላይ እንጂ ክፍሉ ውስጥ አይደለም። "ከፊል እይታ" የሚሉት ደግሞ አንገትን አጣሞ በሁለት ሕንፃ መሃል የሚታይ ነው። በጥር መስኮቱ ዝግ ነው፣ መስታወቱ ላይ እንፋሎት አለ፣ 12 ሰዓት ላይ ጨልሟል። እኔ በዚያ ገንዘብ ሰፊ ክፍል ነበር የምይዘው። የድሮዋ ከተማ ሆቴሎች ብዙዎቹ የቀድሞ መኖሪያ ቤቶች ስለሆኑ ክፍሎቻቸው ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሻንጣ ከተከፈተ አልጋው ላይ ካልወጣችሁ መተላለፊያ የሌላቸው አሉ። ካሬ ሜትሩን አይታችሁ ያዙ። ባሕሩን በጀልባ ታዩታላችሁ፣ ያውም ተጠግታችሁ።

እንደኔ ግን አቅም ካላችሁና እሷ ጠዋት ስትነቃ ቦስፎርን ማየት ካማራት፣ የኔን ቁጥብነት አትስሙ። አንዴ ነው የሚጋባው። ያኔ ካባታሽና ፊንዲክሊ በኩል ፈልጉ፣ ቲ1 ትራም እዚያ ድረስ አለ። ከዚያ አልፋችሁ ቤሺክታሽና ኦርታኮይ ከሄዳችሁ ትራሙ አይደርስም፣ የባሕር ዳሩ መንገድ ደግሞ ትራፊኩ አይቻልም።


ሪሰፕሽን ላይ ነኝ

ከተማው ሌላ ቢሆንም ሥራዬ ሆቴል ነው፣ ሙሽሮችን ብዙ አስተናግዳለሁ። ስለ ሰፈሩ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ አያያዙ ልበል፤ ጥሩ ሰፈር ይዞ በአያያዝ የሚበላሽ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀኑን። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ስለሆነ "ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ" እንላለን። ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈው ግን ሐሙስ 01:00 ነው። ብዙ ሰው ይሄንን አይቶ ክፍሉን ከሐሙስ ጀምሮ ይይዛል። ሆቴሉ ጋ ሲደርስ ክፍሉ የሱ የሚሆነው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሎቢ ወንበር ላይ ሲያዛጋ ያድራል። ክፍሉን ከረቡዕ ጀምራችሁ ያዙ። ከዚያ ደግሞ ለሆቴሉ "ሌሊት 8 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ገደማ እንደርሳለን፣ ክፍላችንን ለሌላ እንዳትሰጡ" ብላችሁ ጻፉ። ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር 02:00 ወይም 03:00 ብላችሁ ጻፉላቸው። እስከ ማታ ያልመጣን እንግዳ ቀርቷል ብሎ ክፍሉን የሚለቅ ሆቴል አለ። ሌሊቱን በር የሚከፍት ሰው መኖሩንም ጠይቁ፤ ትንንሾቹ ሆቴሎች ሁሉም ሃያ አራት ሰዓት ሠራተኛ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ አልጋውን። "ለሁለት ሰው" የሚል ክፍል ሁለት ነጠላ አልጋ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ መሃሉ ላይ ክፍተት አለው፣ ሌሊት ይላቀቃል። "አንድ ትልቅ አልጋ" ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። ሙሽሮች መሆናችሁንም ንገሯቸው፣ አትፈሩ። እኔ ጋ እንዲህ ብሎ የጻፈ እንግዳ ሲመጣ የተሻለ ክፍል ባዶ ካለ ለሱ ነው የምሰጠው። ጥር ደግሞ እዚያ እንግዳ የሚቀንስበት ወቅት ስለሆነ ባዶ ክፍል የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሦስተኛ፣ ቦታውንም ፎቁንም ጠይቁ። ሱልጣናህመት አካባቢ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ርካሹ ክፍል ደግሞ አንዳንዴ ከመሬት በታች ግማሽ የገባ ነው፤ መስኮቱ ወይ የለም ወይ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። "ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው፣ ሊፍት አለ ወይ?" ይሄን ጻፉና መልሱን ጠብቁ። በግልጽ ያልመለሰ ሆቴል ሌላ ጥያቄም አይመልስላችሁም፣ እለፉት።

የእንግዳ አስተያየት ስታነቡ የሐምሌውን ተዉት። የጥርና የየካቲት ወር የተጻፈውን ብቻ ለዩና አንብቡ። ማሞቂያው ሌሊት ይጠፋል ወይ፣ ሙቅ ውሃው በደንብ ይመጣል ወይ፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባል ወይ የሚለው የሚገኘው እዚያ ነው። ሐምሌ ላይ 9 ነጥብ ያገኘ ሆቴል ጥር ላይ የበረዶ ቤት ሊሆን ይችላል።

አፓርታማውን በተመለከተ፣ ከጥር 1 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ቱርክ ውስጥ ቤትን ለ100 ቀን ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ለጎብኚ ማከራየት ከባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠይቃል፣ በሩ ላይም የፈቃዱ ሰሌዳ መለጠፍ አለበት። ፈቃዱን ለማግኘት የሕንፃው ሌሎች ባለቤቶች ሁሉ መስማማት አለባቸው፣ ስለዚህ የሌለው ብዙ ነው። ፈቃድ ያለው ብታገኙ እንኳን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁልፍ ማን ይሰጣችኋል? ባለቤቱ ስልክ ባያነሳ በማያውቁት ጎዳና በብርድ መቆም ነው። ለረጅም ጊዜ፣ ልጆች ይዞ፣ ምግብ እያበሰለ ለሚቆይ ሰው አፓርታማ ጥሩ ነው። ለእናንተ ሆቴል ይሻላል።

በነገራችን ላይ የማደሪያ ግብር አለ፣ ከ2023 ጀምሮ 2 በመቶ ነው። ዋጋው ውስጥ መካተቱን እዩ፣ ከኪስ ላይ ሲጠየቅ ሰው ይናደዳል።


ሻንጣ በእጁ

ማርማራ በማታው ጉዳይ አሸንፋኛለች ልል ነበር፣ ቀናቸውን ሳይ ግን ተመለስኩ። ሙሉ ሌሊታቸው ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ማርማራ ራሷ ዓርብና ቅዳሜ ቱኔልና አስማሊመስጂት በኩል እንቅልፍ የለም ብላለች። እነሱ ደግሞ የሚስማሙበት አንድ ነገር እንቅልፍ ነው ብለዋል። ሲርኬጂ ላይ ተኝተው፣ ማታ በትራም ካራኮይ ሄደው ተዝናንተው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ቢመለሱ ሁለቱም ይሳካል። ቢያመሹ እንኳን ድልድዩን በእግር መሻገር ነው።

ሌላው፣ ካፓሊ ቻርሺ፣ ማለት ትልቁ ሽፍን ገበያ፣ እሑድ ዝግ ነው። ለቤት የሚሆን ነገር ለመግዛት ካሰባችሁ ለመመለሻችሁ ቀን አታቆዩት፣ ቅዳሜ አድርጉት። ቶፕካፒ ማክሰኞ ነው የሚዘጋው፣ እናንተን አይነካም። ሐማም፣ የቱርክ ባህላዊ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ካማራችሁም አንድ ነገር እወቁ። እዚያው አጠገባችሁ ያለው የጃአሎሉ ሐማም፣ የ1741 ነው፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚያስተናግደው። አብረን እንግባ ካላችሁ ሱለይማኒዬ ሐማም ጥንዶችን በአንድ ላይ ያስገባል።


ማርማራ

ቅዳሜና ዓርብ መሆኑን ሳይ እኔም ቱኔልን አልመክርም። ካራኮይ ከታች፣ ከትራሙ አጠገብ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ካገኙ ግን አሁንም እሱን እላለሁ። ካላገኙ ሲርኬጂ ይሁን፣ አልጣላም።


የጥር ሙሽራ

ሁለት ቀን ስንጻጻፍ ቆይተን አሁን ሁለት ሆቴል ቀርቶናል፣ ሁለቱም ከጉልሃኔ ፌርማታ ገባ ያሉ ናቸው። ካራኮይ የጠየቅናቸው ስለ ክፍሉ አልመለሱልንም፣ እንደተባልነው አለፍናቸው።

አንደኛው ሆቴል ሊፍት አለው፣ ክፍሉ 14 ካሬ ሜትር ነው፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ሁለተኛው ሊፍት የለውም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ክፍሉ 22 ካሬ ሜትር ነው፣ መስኮቱ ወደ ውስጥ ግቢ ነው፣ አንድ ትልቅ አልጋ እንዳለው በጽሑፍ አረጋግጠውልናል፣ ሌሊትም ሰው አለ ብለዋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እጮኛዬ ሁለተኛውን ትላለች፣ እኔ ሻንጣውን አስቤ ፈራሁ።


ሪሰፕሽን ላይ ነኝ

እሷን ስማ። ሻንጣውን ሁለት ጊዜ ነው የምታወጣውና የምታወርደው፣ እሱንም ሌሊት ተረኛው ያግዝሃል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን በየቀኑ ነው የምትኖሩት። አንድ ነገር ብቻ ጨምረህ ጠይቅ፦ ወደ ግቢው የሚያየው መስኮት ሥር የምግብ ቤት ወጥ ቤት ወይም የማቀዝቀዣ ሞተር እንዳለ። ከሌለ ያዙት። ስትይዙ እስከ ዋዜማው በነጻ መሰረዝ የሚቻለውን ዓይነት ምረጡ፣ በረራ ሊዘገይም ቀን ሊለወጥም ይችላልና። መመለሻችሁ እሑድ ማታ ከሆነ ደግሞ ከለቀቃችሁ በኋላ ሻንጣችሁን እንደሚያስቀምጡላችሁ ከአሁኑ ጠይቋቸው፤ ጠዋቱን አያሶፊያ ታሳልፉበታላችሁ።